ከታች ወደ ላይ የተሰጠ ድምፅ

ረቡዕ ነበር እያልሁ ብዙ ዓመት ተናግሬአለሁ። ባለቤቴ ግን ያን ዕለት ፍኖተ ሰላም ላይ ጥብስ እንደ በላን ራሴ እንደ ነገርኋት ታስታውሰኛለች። ጥብስ ከተበላ ረቡዕ ሊሆን አይችልም፤ የሸንጎው አባላት በአዳራሹ ውስጥ ጓድ ስንባባል ብንውልም፣ በጾም ቀን ሥጋ የሚደፍር ከመካከላችን አልነበረም። እንግዲህ ሐሙስ ይሁን። ይህን ያህል ቀላል ነገር ያልጠበቀ ትዝታ የሰዎችን ንግግር ቃል በቃል ጠብቋል ብዬ ለማሳመን አልሞክርም። ከዚህ በታች በጥቅስ ውስጥ ያኖርሁት አንዳንዱ በእርግጥ የተነገረ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለዓመታት በአእምሮዬ ስመላልሰው ቅርጹን የለወጠ ሊሆን ይችላል። ያለ ጥርጥር የምምልበት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የራሴ ስለ ሆነ ነው።

ዘመኑ የደርግ ማብቂያ ገደማ፣ ሪፐብሊኩ ታውጆ በየደረጃው ሸንጎ ከተቋቋመ በኋላ ነው። እኔ በቡሬ የግብርና ጽሕፈት ቤት የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ነበርሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሦስት ወይም ሠላሳ አራት፤ የደን ትምህርት በምሥራቅ አውሮፓ ተምሬ ከተመለስሁ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ለአውራጃው ሸንጎ ስቀርብ የዕጩነት ምልክቴ ዝሆን ነበር። ከተመረጥሁ በኋላ አንድ የማንኩሳ ሽማግሌ መንገድ ላይ አቁመውኝ፣ «ዝሆን በሥዕል ሲሆን እህል አይበላም ብለን ነው የመረጥንህ» ብለውኛል። ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ታናሹ እኔ ነበርሁ፤ መቀመጫዬም በመጨረሻው አግዳሚ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር። በዚያ መቀመጫ ደስተኛ ነበርሁ። ሊቀ መንበሩ «የሚደግፍ» ሲሉ ከፊት ያሉት እጆች ይነሣሉ፣ የኔም ይከተላል፤ ጉዳዩ ያልቃል።

በዚያ ጥቅምት ለሸንጎው የቀረበው ጉዳይ ዝግባ አምባ ነበር። ዝግባ አምባ ከቡሬ ወደ አገው ምድር በሚወስደው በኩል ያለ፣ ዝግባና ወይራ፣ ብሳናና ዶቅማ የሞላበት ደን ነው፤ ነበር ማለት አለብኝ። ከሥሩ አንድ ምንጭ ይፈልቃል። የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ለአዳዲሶቹ መንደሮች የሚሆን ቋሚና ማገር ከዚያ ደን ይቆረጥ ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ በአንድ ረድፍ ቤት እንዲሠራ ተወስኗል፤ ቤት ደግሞ ያለ እንጨት አይቆምም።

እኔ ያንን ምንጭ ሁለት ዓመት ለክቼዋለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየሄድሁ፣ ውኃው ቆርቆሮ እስኪሞላ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት እየያዝሁ መዝግቤአለሁ። ጥናቴ ያለቀው በአንድ ቀላል ነገር ነው፦ ዙሪያውን ያሉት ምንጮች በመጋቢት ሲነጥፉ ይህ የማይነጥፈው ደኑ ከላዩ ስላለ ነው፤ ደኑ ከተነሣ ምንጩ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ውስጥ ለመስኖ አይበቃም።

በልክ ሥራው ጊዜ የማድረው አያ ዳምጤ ቤት ነበር። አያ ዳምጤ ትውልዳቸው ከአገው ነው፤ ከሚስታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወሩ ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ማዕድ ያስተናግዱ ነበር። ከምንጩ በሚወጣው ቦይ የሚጠቀሙ አርባ ያህል አባወራዎች የውኃ አባት አድርገው መርጠዋቸዋል። የውኃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ተራውን የሚጠብቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው። የእሳቸው ተራ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር፤ ለምን ብዬ ብጠይቃቸው፣ «መጀመሪያ የጠጣ ሰው ለሌላው አይለካም» አሉኝ።

ከሸንጎው ስብሰባ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡሬ ድረስ መጥተው ቢሮዬ ገቡ። ወንበር ብሰጣቸው ከጠርዙ ተቀመጡ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ በሬያቸው እግር ብዙ ካወሩ በኋላ፣ መስኮቱን እየተመለከቱ፣

«ነገ ሸንጎ አላችሁ አሉ» አሉኝ።

«አለን።»

«ዝግባ አምባም ይነሣል አሉ።»

«ይነሣ ይሆናል» አልሁ።

«የተማረ ሰው ‹ይሆናል› ይወዳል» አሉ ፈገግ ብለው። «የኛ ምንጭ ግን ‹ይሆናል› አያውቅም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።»

ሰኞ ቦይ እንደሚጠረግ ነገሩኝ። ቦዩ ከተጠረገ በኋላ የሽንኩርቱ ችግኝ ይተከላል፤ ድንቹም ይገባል። ያ ሁሉ ሰው የበጋ ጉልበቱን የሚያፈስሰው ውኃ አለ ብሎ ነው። የሰዉን አደራ ይዘው እንደ መጡ ገባኝ፤ እሳቸው ግን አደራ የሚለውን ቃል አላነሡም።

«ጥናቴን ይዤ እሄዳለሁ፣ አያ ዳምጤ» አልኋቸው።

«ትሄዳለህ። ከዚያስ?»

«ድምፅ ይሰጣል።»

«ያንተስ ድምፅ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠይቁኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «ሁለት ዓመት የለካሁትን ትቼ ሌላ ምን እላለሁ?» አልሁ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እንዲህ ያለውን ቃል ሁለት ጊዜ ማስደገም በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው።

በማግሥቱ ጧት በአውቶቡስ ልሄድ መናኸሪያ ቆሜ ሳለሁ፣ ሥራ ለማየት ቡሬ አድረው የነበሩት የሸንጎው ሊቀ መንበር ጓድ ታረቀኝ ላንድሮቨራቸውን አስቁመው ጠሩኝ። ከኋላቸው ተቀመጥሁ። ጓድ ታረቀኝ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ቁጡ አልነበሩም፤ ይበልጥ የሚያስፈራኝም ያ ነበር። ቁጡ ሰው የሚፈልገው ይታወቃል።

እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስለ ዝግባ አምባ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስለ ወገብ ሕመማቸው ነገሩኝ፤ ሐኪም ጠንካራ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ እንዳዘዛቸውና የመንግሥት ወንበር ሁሉ ጠንካራ ስለ ሆነ መድኃኒት በነፃ እያገኙ መሆኑን ነግረውኝ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥናቱ በክንዴ ሥር ነበር፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ የምንጩ ስም ተጽፎበታል። አይተውታል። አንድ ጊዜ ዘወር ብለው እንዳነበቡት እርግጠኛ ነኝ። ዝም አሉ።

እንግዲህ ያንን ዝምታ እንዴት እንደ ተረጎምሁት ልናገር። በዚያ ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ የሚላኩ ባለሙያዎች ስም ሲጠየቅ፣ የኔን ስም የያዘው ደብዳቤ የጓድ ታረቀኝን ፊርማ ይጠብቅ ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች። ከአንድ ዓመት በፊትም አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ በተናገረው ምክንያት ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛውሮ ነበር፤ ቢያንስ ሁላችንም ምክንያቱ ያ ነው ብለን እናምን ነበር። ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ የሰውዬውን ዝምታ ሳዳምጥ፣ ማንኩሳን ሳናልፍ ዝምታው ትእዛዝ ሆኖ ተሰማኝ። ሊሉኝ የፈለጉት ነገር ቢኖር ይሉኝ ነበር፤ ያላሉኝ የተቆረጠ ነገር ስለ ሆነ ነው ብዬ ደመደምሁ። ይህን ያህል ተምሬ፣ ምንም ካልተነገረ ነገር ይህን የሚያህል ማስረጃ አወጣሁ።

ከአዳራሹ በር ላይ ስንደርስ አባላቱ ፀሐይ እየሞቁ ቆመው ነበር። ከሊቀ መንበሩ መኪና ስወርድ ብዙዎቹ ጐንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። አጎነባበሳቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ እንደ ነበር ያስተዋልሁት በኋላ ነው፤ ወይም በኋላ የጨመርሁት ነው።

ስብሰባው ከሌሎች ጉዳዮች ጀመረ። የዝግባ አምባ ተራ ሲደርስ የኮሚቴው ተጠሪ ሐሳቡን አነበበ፤ እኔም ጥናቱን እንዳነብ ተፈቀደልኝ። አነበብሁት። በተቻለኝ መጠን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቍጥሩን ቶሎ ቶሎ እያለፍሁ፣ የመደምደሚያውን ገጽ ‹በዝርዝር ተቀምጧል› ብዬ ዘልዬ አነበብሁት። ማንም አልተቃወመም። ጓድ ታረቀኝ እንደ ልማዳቸው «እንግዲህ የሚደግፍ» ሊሉ ሲሉ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ እጅ ተነሣ።

እጁ የባላምባራስ ቸኮል ነበር። ባላምባራስ በንጉሡ ዘመን የአጥቢያ ዳኛ የነበሩ፣ ከመሬት አዋጁ በኋላ ከገበሬው ጋር ያረሱ፣ በአካባቢያቸው ገበሬዎች ተወክለው የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ማዕርጉ በአዋጅ ቢሻርም ከአፍ አልወጣም ነበርና፣ ስማቸው በቃለ ጉባኤ «ጓድ ባላምባራስ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ ጸሐፊው ይህን ስሕተት እንዲያርም ሁለት ጊዜ ታዝዞ ሁለቱንም ጊዜ ረስቶታል።

«ጓድ ሊቀ መንበር» አሉ፣ በትራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «ይህ የመሬትና የውኃ ነገር ነው። እጅ እናውጣ ካልን አንዱ የአንዱን ክንድ ያያል። ድሮ በሸንጎ ስንቀመጥ ፍርድ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነበር። ታናሽ ይጀምራል፣ ታላቅ ይጨርሳል። ታላቅ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አፉን ይይዛላ። እስቲ ዛሬ ለአንድ ቀን እንዲያ እናድርግ።»

በአዳራሹ ውስጥ ጥቂት ሳቅ ተሰማ። አንድ ሰው፣ «ፊውዳሉ ትዝ አላቸው» ብሎ አጉረመረመ። ባላምባራስ ሰምተው፣ «ፊውዳሉስ ቢሆን ከታች ካለው መጠየቁን ያውቅ ነበር» አሉ። እኔ ጓድ ታረቀኝ ይቈጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወገባቸውን ደግፈው ጥቂት አሰቡና፣ «መልካም። ሕዝባዊ አሠራር ነው። ከኋላ እንጀምር» አሉ።

ከኋላ የነበርሁት እኔ ነኝ።

ሁሉም ዞሮ ተመለከተኝ። የዚያ ሥርዓት ጥበቡ፣ ታናሹ የታላቆቹን ሐሳብ ሳያውቅ እንዲናገር ማድረጉ ነው፤ የሚመስለው ስለሌለ ራሱን ይመስላል። ባላምባራስ ይህን በር የከፈቱት ለእኔ ነበር። እኔ ግን በሩን እንደ ወጥመድ አየሁት። ሊቀ መንበሩ እሺ ያሉት ማን ምን እንደሚል አንድ በአንድ ለማወቅ ነው ብዬ አሰብሁ። የጧቱ ዝምታና የአሁኑ እሺታ በአእምሮዬ ተገጣጠሙ። ተነሥቼ እንዲህ አልሁ፤ የምምልበት ያልኋችሁ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ደኑ ለውኃው ያለው ጥቅም የማይካድ ቢሆንም፣ የሰፊው ሕዝብ የመጠለያ ጥያቄ ጊዜ የማይሰጥ በመሆኑ፣ አቈራረጡ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር እስከ ተካሄደ ድረስ፣ የቀረበውን ሐሳብ እደግፋለሁ።»

ተቀመጥሁ። እያንዳንዱ ሐረግ ለብቻው ሲመረመር ሐሰት የለበትም። በደንብ የታነጸ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንደ ቤት የሚያስጠልል፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ።

ከእኔ ቀጥሎ የተቀመጡት የፈረስ ቤት ገበሬ ተነሡ። «እኔ ዝግባ አምባን አይቼው አላውቅም» አሉ። «የኛ ደጋ የራሱ ጣጣ አለው። ባለሙያው ካሉት አልወጣም።» ሦስተኛው የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር፤ በብዙ ቃል ያንኑ አለ። አራተኛዋ ወይዘሮ የኔአካል፣ ከሴቶች ማኅበር የመጣች፣ በንግግሯ ቍጥብ ሴት ነበረች። እርሷ ሐሳብ ከመስጠቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለች። «እንጨቱ ሲቈረጥ ምንጩ ይደርቃል ወይስ አይደርቅም?»

ጓድ ታረቀኝ፣ «ባለሙያው ይመልስ» አሉ።

ይህ ሁለተኛው በር ነበር። ባላምባራስ ቸኮል አንገታቸውን አዙረው በትራቸውን ጨብጠው ያዩኝ ነበር። እኔም ተነሥቼ፣ በጥንቃቄ ከተቈረጠ የከፋ ጉዳት ላይደርስ ይችላል አልሁ። ‹ላይደርስ ይችላል።› ሴትዮዋ ጥቂት ጠበቀችኝ፤ የምጨምረው ያለ መስሏት ነው። ስቀመጥ፣ «እንግዲህ እንደ ባለሙያው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለፈ። ሠላሳ ያህል ሰው ከታች ወደ ላይ፣ በየተራው፣ የኔን ቃል ተቀባበለው። አንዳንዱ አሳጠረው፤ አንዳንዱም አቈራረጡ በባለሙያ ቁጥጥር የሚለውን ተወው። ባላምባራስ ዘንድ ሲደርስ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «የለካው ሰው ይቈረጥ ካለ እኔ ያልለካሁት ምን ብዬ አይቈረጥ እላለሁ?» አሉ። «እኔን እንዳልተናገረ ቍጠሩኝ።» ጓድ ታረቀኝ መጨረሻ ላይ፣ «ሸንጎው በአንድ ድምፅ ወስኗል» ብለው ፈረሙ።

ለምሳ ስንወጣ እጅ የምንታጠብበት በርሜል አጠገብ ባላምባራስ ከጎኔ መጥተው ቆሙ።

«ያን ሥርዓት ያነሣሁት ላንተ ብዬ ነበር» አሉኝ።

ከውኃው ፈቀቅ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በመኪና ውስጥ ምን አሉህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምንም።»

«ግድ የለም፣ ለእኔ ንገረኝ። ያለፈ ነገር ነው።»

«ባላምባራስ፣ ስለ ደኑ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።»

ውኃው በእጃቸው ላይ እየፈሰሰ አፍጥጠው አዩኝ። «አይ ልጄ» አሉ፤ «እኛ እኮ የተባልኸውን የነገርኸን መስሎን ነው።»

ጥብሱን የበላሁት ከዚህ በኋላ ነው። መብላቴ ይገርመኛል፤ ግን በልቻለሁ።

ሊቀ መንበሩ የቡሬውን ሥራ ስላልጨረሱ በዚያው መኪና ወደ ቡሬ ስንመለስ ዝምታውን መሸከም አልቻልሁምና ለጓድ ታረቀኝ ጉዳዩ ከላይ የተወሰነ እንደ ነበር እንደማውቅ ተናገርሁ። ይህን ያልሁት ራሴን ለማጽናናት ይመስለኛል። እሳቸው ከፊት ወንበር ዘወር ብለው፣ «ማን ነገረህ?» አሉኝ።

«አልተወሰነም እንዴ?»

«ከላይ የመጣው ደብዳቤ አስተያየት ስጡ ይላል። እኔ ስለ ደን የማውቀው ነገር የለም። ጥናትህን ይዘህ ሳይህ ጧት ምንም ያላልሁህ በሰው ሐሳብ እንዳልገባ ብዬ ነው። ባለሙያው አይሆንም ቢል ኖሮ፣ ያንን ጽፌ እልክ ነበር።» ጥቂት ቆይተው ጨመሩ፦ «አንተ ስትደግፍ ከሌላ ወገን የተነገረህ ነገር አለ ብዬ አሰብሁ።»

ይህን ንግግር ለብዙ ዓመታት መርምሬዋለሁ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ምናልባት ኃላፊነቱን ከራሳቸው ትከሻ ወደ እኔ ማውረዳቸው ነው፤ እንዲህ ያለው ጥበብ በዘመኑ ብርቅ አልነበረም። ምናልባትም የኔ ትዝታ እኔን ይበልጥ ሊቀጣ ፈልጎ ያቀነባበረው ነው። የማውቀው የሚቀጥለውን ብቻ ነው፦ ሾፌሩን ሳልቈጥር፣ መኪናው ውስጥ ከነበርነው ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ይፈራ ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩትም ሁለታችንን ይፈሩ ነበር፤ ዝግባ አምባም በዚህ መካከል አለቀ።

ሰኞ ቦይ ወደሚጠረግበት ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሶ ነበር፤ አርባ ያህል ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ከቦዩ ራስ ተቀምጧል እንጂ ሥራ አልጀመረም። አያ ዳምጤ ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ እንደ ወትሮው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ሸንጎው እንዲቈረጥ ወሰነ» አልኋቸው።

«ሰምተናል። ሸንጎው ማነው?»

«ሸንጎው... አባላቱ ናቸው።»

አያ ዳምጤ ሰዎቹን አሳዩኝና፣ እንደ ሕፃን ትምህርት ቀስ ብለው አስረዱኝ። «በኛ ዘንድ ከተራው ውጭ ቦይ የሰበረ ሰው አለ። ሰይጣን አሳሳተኝ አይልም፣ ውኃው ራሱ ሄደብኝ አይልም። እዚች ላይ ይቆምና ‹እኔ ነኝ› ይላል። ከዚያ በኋላ ዕርቅ ነው። ካላለ ግን እህሉ ቢጠጣም ሰው አይደለም። እኔም እነዚህን ቦይ ጥረጉ ብዬ የጠራኋቸው ባንተ ቃል ነው፤ የምነግራቸው አጣሁ።»

ቆምሁ። ከተማሪነቴ ጀምሮ በብዙ ሕዝብ ፊት ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ምላሴ የከበደኝ ጊዜ የለም። «መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ይቈረጥ ያልሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተከተሉኝ» አልሁ።

ዕርቁን የሚያበስር ቃል እንዳለ አውቃለሁ፤ ሰዎቹ «ይሁን» ይላሉ። ያን ቀን «ይሁን» ያለ የለም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎልማሳ ከተቀመጠበት፣ በዶማው እጀታ አፈሩን እየጫረ፣

«ጥፋትህን ሰማን። አሁን ሙያህን ንገረና። ሽንኩርቱን እንትከል ወይስ አንትከል?» አለኝ።

«ዘንድሮ ትከሉ» አልሁ። «ደኑ ቢቈረጥም ምንጩ ወዲያው አይጐድልም። ከርሞ ድንቹን ተዉ፣ ሽንኩርቱን በግማሽ ቀንሱ። በሦስተኛው ዓመት ግን ለቦይ ጉልበታችሁን አታባክኑ። ውኃ አይኖርም።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። «ይህንን እንዲህ አድርገህ እዚያ ነገርሃቸው?»

«አልነገርኋቸውም።»

«ታዲያ ለኛ ምን ያደርግልናል?»

አያ ዳምጤ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። «ተነሡ» አሉ፤ «ዘንድሮ ውኃ አለ ተብሏል።» ሁሉም ተነሥቶ ወደ ሥራው ገባ። አካፋ ልያዝ ብል የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

ደኑ በዚያው በጋ ተቈረጠ። የባለሙያ ቁጥጥር የተባለው እኔ ነበርሁ፤ ሦስት ቀን ቆሜ አይቼ በአራተኛው ቀረሁ። በስሌቴ ተሳስቼ ነበር፤ ምንጩ እኔ ካልሁት አንድ ዓመት ቀድሞ ጎደለ። አዲሶቹ መንደሮችም ብዙ አልቈዩም። ፖሊሲው ሲላላ፣ ኋላም መንግሥቱ ሲወድቅ፣ ገበሬው ቤቱን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ፤ የዝግባ አምባ ዝግባም ማገዶ ሆነ። አያ ዳምጤን ሰው የውኃ አባት ማለቱን አልተወም፤ የሚያካፍሉት ውኃ ካለቀ በኋላም ጭምር።

ደብዳቤዬ ተፈርሞልኝ ነበር። ሄጄ ተማርሁ። ይህንን መደበቅ ለእኔ ቀላል ነበር፤ ማንም አይጠይቀኝም። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ደጋ ምንጮች ነው፤ የዝግባ አምባን ልክ ከነሠንጠረዡ አስገብቼ፣ የዘለልሁትንም የመደምደሚያ ገጽ በሙሉ ጽፌ፣ ከፍተኛ ውጤት አግኝቼበታለሁ። እዚያ ማንም አላስፈራኝም፤ የሚቈረጥ ደንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ሆኜ ዕድሜዬን ጨረስሁ። ሕግ አውጪዎች በአካባቢ ጉዳይ ድምፅ ሲሰጡ በምን ይመራሉ ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ነበሩ። የፓርቲ ዲሲፕሊን፣ የመራጩ ጥቅም፣ የባለሙያ ጥናት እያልሁ መልሻለሁ፤ ለፈተና የሚበቃ መልስ ነው። ነገር ግን እኔ በነበርሁበት አዳራሽ እነዚያ አባላት ጥናቱን አልጠሉም፤ ትእዛዝም አልደረሳቸውም። የተመለከቱት አንድ ሰው ከማን መኪና እንደ ወረደ ነው። ያ ሰው ደግሞ የተመለከተው የአንድ ወገቡን የታመመ ሰው ጀርባ ነው። ይህን በጥናት መልክ ለማቅረብ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

በእኔ ላይ የለወጠው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ደፋር አላደረገኝም። አሁንም ፈሪ ነኝ፤ አሁንም «ቢሆንም» የምትለዋን ቃል እወዳታለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን «ስብሰባው ወሰነ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ከጻፍሁም ቀጥሎ የራሴን ስም አስገባለሁ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ ቀን እርስዎም ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ሳሉ «ከእርስዎ እንጀምር» ሊባሉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አይፍሩ አልልዎትም፤ እኔ ለዚህ ምክር የምበቃ ሰው አይደለሁም። የማውቀውን ብቻ ልንገርዎት። ጉዳዩ ያለቀ ይመስልዎታል፤ ከፊትዎ የተደረደሩት ጀርባዎች ሁሉ ወስነው የመጡ ይመስልዎታል። ገና አልወሰኑም።